ብፁዕ ፍሬድሪክ ኦዛናም፦ የተለያዩትን በአንድ ማኅበር ያገናኘ ምእመን

በቡታጅራ ከተማ የዕድር ጡሩምባ በንጋት ሲነፋ ጎረቤት ሁሉ ከቤቱ ይወጣል። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ውኃውና ንፍሮው ይቀርባል። መስቃኑ፣ ማረቆው፣ ስልጤው፣ ሶዶው፣ ከሌላም አካባቢ መጥቶ በከተማችን የሚኖረው ሁሉ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን አስከሬን እስከ መቃብር ይሸኛል። ይህን ዘወትር ስለምናየው አያስደንቀንም። ነገር ግን በእምነትም በጎሣም በኑሮም የማይመሳሰሉ ሰዎች በአንድ መዝገብ ላይ ስማቸውን ጽፈው፣ በአንድ ዳኛ ሥር ተሰብስበው፣ እርስ በርስ ለመረዳዳት ሲማማሉ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ይህ አንድነት የሚያብበውና የሚጠወልገው በምን ምክንያት እንደሆነ ብንጠይቅ ይጠቅመናል።

በዚህ እትማችን ለካቴኪስቶቻችንና ለምእመናን የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ ይህን ጥያቄ በራሱ ዘመንና አገር ያነሣ፣ በሥራም የመለሰ የአንድ ምእመን ታሪክ ነው። እርሱም ካህን ወይም መነኩሴ ሳይሆን ባለ ትዳር፣ የልጅ አባትና የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ብፁዕ ፍሬድሪክ ኦዛናም ነው። በታሪኩ ውስጥ የተጠቀሱት የአውሮፓ ዘመናት በሙሉ በእ.ኤ.አ. የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ልደቱና አስተዳደጉ

ፍሬድሪክ ኦዛናም ኤፕሪል 23 ቀን 1813 በሚላኖ ከተማ ተወለደ። ሚላኖ በዚያን ጊዜ በናፖሊዮን አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቱ ዣን አንትዋን ኦዛናም ቀድሞ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ መኮንን የነበሩ፣ በኋላ የሕክምና ትምህርት ተምረው ሐኪም የሆኑ ሰው ናቸው። እናቱ ማሪ ናንታስ የሊዮን የሐር ነጋዴ ልጅ ነበሩ። እግዚአብሔር ለእነዚህ ባልና ሚስት ዐሥራ አራት ልጆች ቢሰጣቸውም አብዛኞቹ ገና በሕፃንነታቸው ዐርፈዋል። ፍሬድሪክም በልጅነቱ በጽኑ ታሞ ከሞት የተረፈ ነበር።

በ1816 ቤተሰቡ ወደ ሊዮን ተመለሰ። አባቱ ከሀብታሞች በሚያገኙት ገቢ ቤታቸውን እያስተዳደሩ፣ ድኾችን ያለ ክፍያ ያክሙ ነበር። በ1837 ያረፉትም አንድ ድኻ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ሄደው ከደረጃ ላይ በመውደቃቸው ነው። ልጁ የድኻን ደጃፍ መርገጥ የተማረው ከመጻሕፍት አስቀድሞ ከአባቱ እግር ሥር መሆኑን እናስተውል።

ፍሬድሪክ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ብርቱ ፈተና ገጠመው። በጊዜው በነበሩት ተማሪዎች መካከል እምነትን መናቅ እንደ ዕውቀት ምልክት ይቆጠር ስለነበር፣ እርሱም በጥርጣሬ ማዕበል ተመታ፤ እንቅልፉንና ሰላሙንም አጣ። በዚህ ጊዜ የፍልስፍና መምህሩ አባ ኗሮ ደገፉት። እኒህ ካህን ልጁን አልገሠጹትም፤ ጥያቄውንም አልናቁበትም። ከከተማው ውጭ ረጅም መንገድ አብረውት እየሄዱ ያዳምጡትና ያስረዱት ነበር። ፍሬድሪክ ብርሃኑን መልሶ ባገኘ ጊዜ ዕድሜውን ለእውነት አገልግሎት ለማዋል ለእግዚአብሔር ቃል ገባ። ከዚያ ወዲያ የማያምን ሰው ሲያጋጥመው በንቀት ያልተመለከተው ያን ጨለማ ራሱ አልፎበት ስለነበር ነው።

በፓሪስ ተማሪ ቤት

በ1831 መገባደጃ የሕግ ትምህርት ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደ። የፈረንሳይ ሕዝብ በዚያን ጊዜ እርስ በርሱ እጅግ የተከፋፈለ ነበር። ከ1789ኙ አብዮት ወዲህ የንጉሥ ወገንና የሪፐብሊክ ወገን በጠላትነት ይተያዩ ነበር። በ1830 ሌላ አብዮት ተነሥቶ ንጉሡ ከዙፋን ወረደ። በ1831 መጀመሪያም የተቆጣ ሕዝብ የፓሪስን ሊቀ ጳጳስ መኖሪያ ዘርፎ አፈራረሰው። ብዙዎች ቤተ ክርስቲያንን የነገሥታትና የባለ ጸጎች ወዳጅ አድርገው ይመለከቷት ነበር። ኦዛናም ፓሪስ ከገባ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ደግሞ በሊዮን የሐር ሸማኔዎች ለድካማቸው የሚበቃ ዋጋ እንዲቆረጥላቸው ጠይቀው ስላልተፈጸመላቸው ዐመፁ፤ ጦርም ዘመተባቸው። ያደገባት ከተማ በሀብታምና በድኻ መካከል ለሁለት ተከፍላ ደም ስትፋሰስ ከሩቅ ሆኖ ሰማ።

በፓሪስ ያስጠጉት የታወቁት የፊዚክስ ሊቅ አንድሬ ማሪ አምፔር ነበሩ። ዛሬ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካበት አሐድ በስማቸው ይጠራል። ወጣቱ ይህን የሚያህል ሊቅ በቤተ ክርስቲያን ተንበርክኮ ሲጸልይ ማየቱ ዕውቀትና እምነት ጠላቶች አለመሆናቸውን በዐይኑ አረጋገጠለት። በሶርቦን አንዳንድ መምህራን ክርስትናን ሲነቅፉም እርሱና ጓደኞቹ በጽሑፍ መልስ ያቀርቡ ነበር፤ መልሳቸውም በጉባኤው ፊት ይነበብ ነበር።

ከዚህም ሌላ አማኙም የማያምነውም እየተገኘ በታሪክና በፍልስፍና የሚከራከርበት የተማሪዎች ጉባኤ ነበራቸው። አንድ ቀን ኦዛናም ክርስትና ለሰው ልጅ ያበረከተውን መልካም ነገር ሲዘረዝር፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ በቀድሞ ዘመን የተሠራውን እንደሚቀበል ገልጦ፣ በዛሬው ቀን እነርሱ ራሳቸው ለፓሪስ ድኾች ምን እንደሚያደርጉ ጠየቃቸው። ክርክሩ በዚያ ተቋረጠ። ከአንድ ዓመት በፊት በ1832 ኮሌራ በፓሪስ ከዐሥራ ስምንት ሺህ የሚበልጥ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ ብዙዎቹም በጠባብ መንደሮች የታጨቁ ድኾች ነበሩ። ኦዛናም ጥያቄው ከጠላት አፍ ቢወጣም እውነተኛ መሆኑን ተቀበለ። በክርክር የተረታ ሰው ብዙውን ጊዜ ይቆጣል፤ እርሱ ግን ተነሥቶ ወደ ሥራ ሄደ።

የማኅበሩ አመሠራረት

ኤፕሪል 23 ቀን 1833፣ ኦዛናም ሃያ ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ስድስት ተማሪዎች በጋዜጣ አዘጋጁ በአቶ ኤማኑኤል ባዪ ቢሮ ተሰበሰቡ። እነርሱም ኦዛናም፣ ሌ ታያንዲዬ፣ ላማሽ፣ ላሊዬ፣ ክላቬና ዴቮ ነበሩ። በዕድሜ የሚበልጧቸው አቶ ባዪ ሊቀ መንበራቸው ሆኑ። ድኾችን ለመርዳት ቢመኙም ድኾቹን አያውቋቸውም ነበር። ስለዚህ በሙፍታር መንደር ለብዙ ዓመታት ችግረኞችን ሲያገለግሉ ወደ ነበሩት የፍቅር ልጆች ማኅበር አባል ወደ እኅት ሮዛሊ ራንዱ ሄዱ። እኅት ሮዛሊ የቤተሰቦችን ስም ሰጧቸው፤ ዳቦ የሚገኝበትን ወረቀትም አካፈሏቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ድኻ ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚቀመጡና እንደሚያዳምጡ አስተማሯቸው።

በ1834 መጀመሪያ ማኅበሩ በቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ጥበቃ ሥር ሆነ። ይህ ቅዱስ በአገራችንም የታወቀ ነው፤ በ1839 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እርሱ የመሠረተው የላዛሪስቶች ማኅበር አባል ነበሩና።

የማኅበሩ አሠራር እጅግ ቀላል ነበር። አባላቱ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ስለ ጎበኟቸው ቤተሰቦች ይመካከራሉ። በመጨረሻም ሙዳየ ምጽዋት ይዞራል፤ እያንዳንዱ የቻለውን ያህል ሌላው ሳያይ ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ብዙ የሰጠ አይኮራም፣ ጥቂት የሰጠም አያፍርም። በስብሰባው ላይ የፖለቲካ ክርክር የተከለከለ ነበር። የንጉሥ ወገን የሆነውና የሪፐብሊክ ወገን የሆነው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዲት መበለት ማገዶ እንዴት እንደምታገኝ ይነጋገሩ ነበር። የማይስማሙበትን ነገር የፈቱት ተከራክረው አይደለም፤ የሚስማሙበትን ሥራ አብረው በመሥራት እንጂ። ከሁሉም የበለጠው ነገር ግን ዕርዳታውን በሌላ እጅ አለመላካቸው ነው። የሀብታም ልጅ በገዛ እግሩ ደረጃውን ወጥቶ፣ የሠራተኛውን ክፍል አንኳክቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ልጆቹን አውቆ ይመለስ ነበር።

የኦዛናምን የሕይወት ታሪክ የጻፉ ሰዎች አንድ ነገር ይተርካሉ። የፕሮቴስታንት ምእመናን ለድኾች ይሆን ዘንድ ለማኅበሩ ገንዘብ ሰጡ። ከአባላቱ አንዱ ገንዘቡ አስቀድሞ ለካቶሊክ ድኾች እንዲታደል፣ የተረፈው ቢኖር ለሌሎች እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ኦዛናም በዚህ እጅግ አዘነ፤ ማኅበሩ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ የወንድሞች እምነት የማይገባው ስለሆነ ገንዘቡ ለሰጪዎቹ ይመለስ ዘንድ ተናገረ። ድኻ የሚረዳው ድኻ ስለሆነ እንጂ የእኛ ወገን ስለሆነ አለመሆኑን በዚህ አስተማረ።

ማኅበሩ ራሱ ከመከፋፈል ፈተና አላመለጠም። በ1834 መጨረሻ የአባላቱ ቁጥር መቶ ገደማ ሲደርስ፣ ኦዛናም በየሰበካው እንዲከፈሉ ሐሳብ አቀረበ። ሌሎች ወዳጅነታችን ይፈርሳል ብለው አጥብቀው ተቃወሙት። ክርክሩ ጋለ፣ እስከ መኳረፍም ደረሰ። በአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ማታ አቶ ባዪ ውሳኔውን በይደር አቆይተው ስለ ፍቅር መከሯቸው፤ ተከራካሪዎቹም ተቃቅፈው ተለያዩ። በ1835 መከፈሉ ተፈጸመ፤ መተዳደሪያ ደንብም ወጣ። ማኅበሩ ወደ ሌሎች ከተሞችና አገሮች ሊስፋፋ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። ወዳጆች ከእኛ ላለመለየት ብለው በሩን ቢዘጉት ኖሮ ማኅበሩ በአንድ መንደር ተወልዶ በአንድ መንደር በቀረ ነበር።

መምህርና ባለ ትዳር

ኦዛናም በ1836 በሕግ፣ በ1839 ደግሞ ስለ ጣልያናዊው ባለ ቅኔ ዳንቴ ባዘጋጀው ጽሑፍ በሥነ ጽሑፍ የዶክትርና ማዕርግ አገኘ። በ1840 በተደረገው የመምህራን ውድድር አንደኛ ወጥቶ በሶርቦን የውጭ አገር ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ጀመረ፤ በ1844ም በቦታው ጸና። የሚያስተምረው ብዙ ደክሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከእምነቱ ውጭ የነበሩ ተማሪዎችም ያከብሩት ነበር።

ጁን 23 ቀን 1841 የሊዮን የትምህርት ኃላፊ ልጅ የሆነችውን አሜሊ ሱላክሯን በተክሊል አገባ። ጋብቻቸው በወሩ በ23ኛው ቀን ስለተፈጸመ፣ በየወሩ በዚያ ቀን ለባለቤቱ አበባ ያመጣላት ነበር። በ1845 ማሪ የተባለች አንዲት ልጃቸው ተወለደች። ድኾችን መጎብኘት ግን ትዳርም ሆነ ማዕርግ አላስተወውም።

የ1848 ፈተና

በፌብሩዋሪ 1848 በፈረንሳይ ሦስተኛው አብዮት ተነሣ። ሪፐብሊክ ታወጀ፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች ሁሉ ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። ብዙ ባለ ጸጋ ካቶሊኮች ሲፈሩ ኦዛናም ቤተ ክርስቲያን ወደ ሕዝቡ የምትሄድበት ጊዜ መድረሱን ተናገረ። ከአባ ላኮርዴርና ከአባ ማሬ ጋር ሆኖ ስሙ አዲስ ዘመን የሚል ትርጉም ያለው ጋዜጣ አቋቋመ። በሊዮን በኩል ለምክር ቤት ቢወዳደርም አልተመረጠም።

ድምፅ መስጠት ብቻውን ግን ሰውን ከሰው አያስተዋውቅም። መንግሥት ለሥራ አጦች የተከፈቱትን የሥራ ቦታዎች ለመዝጋት በወሰነ ጊዜ፣ ጁን 23 ቀን የፓሪስ ሠራተኞች መንገዱን በድንጋይና በእንጨት አጥረው ተዋጉ። በአራት ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ኦዛናም ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ወደ ሊቀ ጳጳሱ ወደ አቡነ አፍር ሄዶ በመካከል ገብተው እንዲያስታርቁ ለመናቸው። ሊቀ ጳጳሱ እሺ ብለው ወደ ምሽጉ ሄዱ፤ ሰላም እየሰበኩ ሳሉ በጥይት ተመቱና ጁን 27 ቀን ዐረፉ። ኦዛናም እስከ ዕለተ ሞቱ ይህን ሐዘን በልቡ ተሸክሞ ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ማኅበሩ ለዐሥራ አምስት ዓመታት የድኾችን ቤት ሲያንኳኳ ኖሮ ይህ ሁሉ ደም ከፈሰሰ፣ ድካሙ ምን ጠቀመ? እኛ በቅንነት መልስ እንስጥ። ማኅበሩ ጦርነቱን አላስቀረም። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች የሚያደርጉት ጉብኝት የፍትሕ ጉድለትን ሊተካ አይችልም፤ ኦዛናምም ይህን ያውቅ ስለነበር ሠራተኛው ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ ማግኘት እንዳለበት ያስተምርና ይጽፍ ነበር። ነገር ግን በእነዚያው ቀናት በሙፍታር መንደር አንድ መኮንን ከሚያሳድዱት ሰዎች አምልጦ ወደ እኅት ሮዛሊ ቤት ገባ። እኅት ሮዛሊ በታጠቁት ሰዎች ፊት ተንበርክከው ሕይወቱን ለመኑ፤ ሰዎቹም ተዉት። የተዉት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እኅት ሮዛሊ በዚያ መንደር ለብዙ ዓመታት ሕመምተኞቻቸውን አስታመዋል፣ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። በሰላም ጊዜ ቤት ለቤት የተዘራው መተማመን በክፉ ቀን የሰው ነፍስ አተረፈ።

ዕረፍቱ

ኦዛናም ከጦርነቱ በኋላ በጋዜጣው ስለ ድኾች ችግር መጻፉን ቀጠለ፤ በዚህም ምክንያት አንዳንድ ወዳጆቹ ራቁት። ጤንነቱም እየደከመ ሄደ። በ1853 ለሕክምና ወደ ጣልያን ሄዶ ሳለ እንኳ የማኅበሩን ቅርንጫፎች ያበረታ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ በማርሴይ ከተማ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1853፣ በእመቤታችን የልደት በዓል፣ በአርባ ዓመቱ ዐረፈ። ዐፅሙ በፓሪስ ነው። ቅዱስ አባታችን ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ኦገስት 22 ቀን 1997 በፓሪስ በኖትር ዳም ካቴድራል ብፅዕናውን አወጁ። እኅት ሮዛሊም በ2003 ብፅዕት ተባሉ። በስድስት ተማሪዎችና በአንድ ጋዜጠኛ የተጀመረው ማኅበር ዛሬ በ150 ገደማ አገሮች ይሠራል።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ውድ አንባብያን፣ እኛም በአካባቢያችን ይህን የሚመስል ሀብት አለን። በ1950ዎቹ ዓመታት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር ሲቋቋም ጉራጌው፣ ሀድያው፣ ከምባታውና ወላይታው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድነት ገንዘብ አዋጡ። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድ የዚያ ኅብረት መታሰቢያ ነው። ሕዝቦቹን ያስተባበራቸው ቋንቋቸው አልነበረም፤ ሁሉም የሚሄዱበት መንገድ ነበር።

ይሁንና ይህ ሀብት የማይጠፋ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ ወንድሞቻችን መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት መጥፋቱን፣ ብዙ ቤተሰብም ከቀየው መፈናቀሉን እናስታውሳለን። በአንድ ገበያ የተገበያዩ፣ በአንድ ድንኳን የተላቀሱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ዕድር አለን ብለን መዘናጋት አይገባንም።

ከብፁዕ ኦዛናም ሕይወት ሦስት ነገር እንማር። አንደኛ፣ ማኅበር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚመሳሰሉትን ያጠናክራል፤ ሌላው የማይመሳሰሉትን ያገናኛል። የጽዋ ማኅበራችንና የጸሎት ማኅበራችን ከመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፤ መልካምም ናቸው። ነገር ግን በእነርሱ ብቻ ተከተን ከቀረን ጎረቤታችን እንግዳ ይሆንብናል። ሁለተኛ፣ ዕድራችን ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያልቻለውን ሰው ስሙን ከመዝገብ ይሰርዛል፤ ከሁሉ ይልቅ ድንኳኑ የሚያስፈልገው ግን እርሱ ነው። የኦዛናም ማኅበር ሙዳየ ምጽዋቱን በስውር ያዞር የነበረው ስለዚህ ነው። የዕድር ዳኞችና ገንዘብ ያዦች የሆናችሁ ምእመናን ይህን ነገር በስብሰባችሁ እንድታነሡት አደራ እንላለን። ሦስተኛ፣ ዕድር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሰው ሲሞት ነው። ኦዛናም ግን ሰውን በሕይወቱ ሳለ ጎበኘው።

የብፁዕ ፍሬድሪክ ኦዛናም መታሰቢያ ሴፕቴምበር 9 ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን ይውላል። አዲሱን ዓመት ለመቀበል ቤታችንን የምናጸዳበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሰሞን ነው። ካቴኪስቶቻችን በየቤተ ጸሎታቸው ምእመናንን ሁለት ሁለት አድርገው፣ በእምነት ወይም በወገን ከማይመስላቸው ጎረቤት መካከል ቢያንስ አንድ ሕመምተኛ ወይም አንድ ችግረኛ ቤተሰብ በዚያ ቀን እንዲጎበኙ ቢያደርጉ፣ በዓሉ በተገቢው መንገድ ተከበረ ማለት ነው። ባዶ እጅ መሄድ የሚያሳፍረን ብንሆን ጥቂት ቡና ይዘን እንሂድ። ዋናው ነገር ደጃፉን ማንኳኳትና ስሙን መጠየቅ ነው።

እግዚአብሔር በብፁዕ ፍሬድሪክ አማላጅነት ቡታጅራንና አካባቢዋን፣ አገራችንንም በሙሉ በሰላም ይጠብቅልን። አሜን።